ሚንክና በኢምባካሲ ሜዳ የሚገኙ ዘመዶቹ

ሚንክ የሚባለው ባለ ለስላሳ ጠጕር እንስሳ በአፍሪካ ዱር የሚገኝ አይደለም። ይሁን እንጂ ስሙ በከተማ ሰው ዘንድ የታወቀ ነው። በብርድ አገር ባለጠጎች የሚለብሱት ውድ ካፖርት ከቆዳው የሚሠራ ስለ ሆነ፣ ብዙ ገንዘብ የሚያስገኝ እንስሳ መሆኑን ያልሰማ ጥቂት ነው። ረጅም የሆነውን አንዱን የሴት ካፖርት ለመስፋት ከ50 የማያንሱ ቆዳዎች ይፈለጋሉ።

ከናይሮቢ መካከል በስተ ምሥራቅና በስተ ደቡብ ምሥራቅ የተዘረጋውን የኢምባካሲን ሜዳ የተመለከተ ሰው፣ ይህን እንስሳ እዚህ አምጥቶ ማርባት ይቻላል ብሎ ቢያስብ የሚያስደንቅ አይሆንም። ምድሩ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ያህል ከፍ ያለ በመሆኑ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው። በ1950 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የተቋቋመው የኬንያ ሥጋ ኮሚሽን ቄራ የሚገኘው በቅርብ፣ በአቲ ሪቨር ነው። ስለዚህ ለሥጋ በል እንስሳ መኖ የሚሆነው የከብት ሆድ ዕቃ ከሩቅ የሚመጣ አይደለም። በ1958 የተከፈተውና ዛሬ በጆሞ ኬንያታ ስም የሚጠራው የአውሮፕላን ማረፊያም በዚያው በኢምባካሲ ይገኛል፤ ከዚያ የሚጫነው የኬንያ አበባ በአንድ ሌሊት ጕዞ አውሮፓ ይደርሳል። ብርዱ፣ መኖውና ማጓጓዣው ከተገኘ ታዲያ ምን ቀረ?

የቀረው የቀኑ ብርሃን ነው። ነገሩን ለመረዳት የእንስሳውን ተፈጥሮ ከመጀመሪያው መመልከት ያስፈልጋል።

ሚንክ በሁለት ዓይነት ይገኛል። አንዱ የአሜሪካ፣ ሁለተኛው የአውሮፓ ሚንክ ይባላል። በመልክ እጅግ ይመሳሰላሉ፤ ነገር ግን ሊቃውንት እንደ መረመሩት የቅርብ ዘመዳሞች አይደሉም። የአውሮፓው ዛሬ ቍጥሩ ተመናምኖ ከምድር ሊጠፋ የተቃረበ ነው። ለቆዳው በሽቦ ቤት የሚረባው የአሜሪካው ነው፤ የትውልድ አገሩም ከአላስካና ከካናዳ ጀምሮ እስከ ደቡባዊው የዩናይትድ ስቴትስ ክፍል የሚደርሰው የወንዝ፣ የሐይቅና የረግረግ ዳር ነው።

ሰውነቱ ረጅምና ቀጭን፣ እግሮቹ አጫጭር፣ ጆሮዎቹ ትንንሽ ናቸው። ወንዱ ብዙ ጊዜ ከአንድ ኪሎ ግራም ጥቂት ይበልጣል፤ ሴቷ ከወንዱ በጣም ታንሳለች። የዱሩ ሚንክ ቀለም ጥቁር ቡናማ ሆኖ ብዙ ጊዜ አገጩ ላይ ነጭ ነጥብ አለበት። ነጩ፣ ግራጫውና ሌላው ልዩ ልዩ ቀለም ሰው በሽቦ ቤት ሲያረባው በምርጫ ያበዛው ነው። ጠጕሩ ሁለት ድርብ ነው። የላዩ ረጅም፣ አንጸባራቂና ቅባት ያለው ሲሆን ውሃ አያስገባም፤ የውስጡ አጭርና እጅግ ጥቅጥቅ ያለ ስለ ሆነ አየር ይይዛል፣ ሙቀትንም ይጠብቃል። ነጋዴ ዋጋ የሚሰጠው ለዚህ ለድርብ ጠጕር ነው። በእግሮቹ ጣቶች መካከል በከፊል የተዘረጋ ቆዳ አለ። ይህ ቆዳ እንደ ዳክዬ እግር ሙሉ ስላልሆነ፣ ሚንክ በውሃ ውስጥ ከአቆስጣ ያነሰ፣ በየብስ ላይ ግን ከአቆስጣ የቀለጠፈ አዳኝ ነው።

ሚንክ ብቻውን የሚኖር እንስሳ ነው። የወንዙን ዳር ተከፋፍሎ ይይዛል፤ ድንበሩንም ከጅራቱ ሥር ካሉት ዕጢዎች በሚወጣ ክፉ ሽታ ያስታውቃል። ዓሣ፣ እንቍራሪት፣ አይጥ፣ የውሃ ወፍና እንቍላል ይበላል፤ ከራሱ የሚበልጠውን ጥንቸልም አንገቱን ነክሶ ይጥላል። በዶሮ ቤት ከገባ አንዲቱን በልቶ አይወጣም፤ የሚንቀሳቀሰውን ሁሉ ይፈጃል። ይህን የሚያደርገው ከጭካኔ የተነሣ አይደለም። በዱር ምግብ በተገኘበት ጊዜ ገድሎ ማከማቸት ልማዱ ነው። ዶሮ ግን መሸሻ ስለሌላት ገዳዩ የሚቆምበት ምክንያት አያገኝም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። የሚንክ ኑሮ ከዓመት እስከ ዓመት የሚመራው በቀንና በሌሊት ርዝመት ነው። በሰሜን አገር በመጸው ወራት ቀኑ ማጠር ሲጀምር የበጋው ስስ ጠጕር ይረግፍና የክረምቱ ጥቅጥቅ ያለ ጠጕር ይበቅላል፤ በኅዳር መጨረሻና በታኅሣሥም ይበስላል። አርቢዎች ቆዳውን የሚወስዱት በዚህ ጊዜ ነው። ከጥር በኋላ ቀኑ ሲረዝም ደግሞ የመራቢያ አካላቱ ይነቃሉ፤ በመጋቢትም ይገናኛሉ። ሴቷ እንቍላል የምትጥለው ወንዱ ከተገናኛት በኋላ ነው። ከዚህ ሁሉ የሚያስደንቀው ግን ፅንሱ ወዲያው በማኅፀን አለመጣበቁ ነው። ገበሬ ዝናብ ሳይመጣ በደረቅ የዘራው ዘር በአፈር ውስጥ ሆኖ ጠሉን እንደሚጠብቅ፣ የሚንክም ፅንስ ሳያድግና ሳይሞት በማኅፀን ውስጥ ተንሳፎ የቀኑን መርዘም ይጠብቃል። ቀኑ በበቂ ሲረዝም ይጣበቃል፤ ከዚያ በኋላ በአንድ ወር ያህል ይወለዳል። ስለዚህ የእርግዝናው ዘመን በአንዷ 40 ቀን፣ በሌላዋ ከ70 ቀን በላይ ሊሆን ይችላል። በመጋቢት መጀመሪያ የተገናኘችውና በመጨረሻው የተገናኘችው ሁለቱም የሚወልዱት በሚያዝያ ማለቂያና በግንቦት መጀመሪያ ነው።

ግልገሎቹ ዐይናቸው ያልተገለጠ፣ ጠጕር የሌላቸው፣ የአንዱም ክብደት ዐሥር ግራም ያህል ብቻ የሆነ ነው። አራት፣ አምስት ወይም ከዚያ በላይ ሆነው ይወለዳሉ። እናታቸው ብቻዋን ታሳድጋቸዋለች፤ በመጸው ይበተናሉ፤ በሚቀጥለውም ዓመት ራሳቸው ይወልዳሉ።

ብርሃን ይህን ሁሉ የሚያዝዘው በዐይን በኩል ነው። በአንጎል ውስጥ ያለች አንዲት ትንሽ ዕጢ ሜላቶኒን የሚባለውን ሆርሞን የምታወጣው በጨለማ ነው። ሌሊቱ ሲረዝም ሆርሞኑ ይበዛል፣ ሲያጥር ያንሳል፤ ሰውነቱም ከዚህ ወራቱን ያነብባል። ይህን የተረዱ አንዳንድ አርቢዎች የክረምቱ ጠጕር ቀድሞ እንዲበስልላቸው በበጋ ሜላቶኒን ከቆዳው ሥር ይቀብሩለታል።

ኢምባካሲ የሚገኘው ከምድር ወገብ በስተ ደቡብ በአንድ ዲግሪና በሃያ ደቂቃ ገደማ ላይ ነው። በዓመቱ ውስጥ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከ10 የሰዓት ደቂቃ አይበልጥም። በአዲስ አበባ ልዩነቱ ከአንድ ሰዓት ጥቂት ያልፋል። ብዙ ሚንክ ይረባበት በነበረው በዴንማርክ ግን ቀኑ በሰኔ 17 ሰዓት ተኩል ሲሆን በታኅሣሥ ወደ 7 ሰዓት ይወርዳል። እንግዲህ በኢምባካሲ የተቀመጠ ሚንክ ክረምት መጣ፣ ክረምት ሄደ የሚል መልእክት የሚሰማበት መንገድ የለውም። የሌሊቱ ብርድ ይህን አይተካም፤ ጠጕሩን የሚያዝዘው በመጀመሪያ ብርሃን ነውና። ቤቱን አጨልሞ በመብራት የሰሜኑን ወቅት መሥራት ይቻል ይሆናል፤ ነገር ግን እያንዳንዱን ቤት ዓመቱን ሙሉ በሰዓት መዝጋትና መክፈት የሚጠይቀውን ወጪ ያሰበ ሰው ሐሳቡን ይተዋል።

ቢቻል እንኳ አለመሞከሩ ይሻላል። አንደኛው ምክንያት ሚንክ ከእስር የሚያመልጥ መሆኑ ነው። ወደ ብሪታንያ የመጣው በ1929 ለእርባታ ነበር። በ1956 በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ በቴይን ወንዝ ዳር፣ በዱር መውለዱ ተረጋገጠ፤ ከዚያ በኋላ በአገሩ ሁሉ ተዛመተ። በዚያ አገር የውሃ አይጥ የሚባል፣ ጠላት ሲመጣበት ወደ ጕድጓዱ የሚሸሽ ትንሽ እንስሳ አለ። ከብዙዎቹ የቀድሞ ጠላቶቹ ጕድጓዱ ያድነው ነበር፤ የሴቷ ሚንክ ሰውነት ግን በዚያ ቀዳዳ ይገባል። የወንዙ ዳር መታረስና መጥበብም ተጨምሮበት የውሃ አይጡ ከብዙ ቦታ ጠፋ። ብሪታንያ በ2000 ባወጣችው ሕግ ለቆዳ ሲባል እንስሳ ማርባትን ከለከለች፤ ሚንኩ ግን በወንዞቹ ዳር ቀርቷል።

ሁለተኛው ምክንያት በሽታ ነው። በ2020 የኮሮና ቫይረስ ከሰው ወደ ሚንክ ተላለፈ፤ በአጠገብ ለአጠገብ ሽቦ ቤት ከታጐሩት እንስሳት መካከልም እንደ ሰደድ እሳት ሮጠ፤ ከዚያም ተለውጦ ወደ ሰው ተመለሰ። በዚያው ዓመት በኅዳር የዴንማርክ መንግሥት በአገሩ ያለ ሚንክ ሁሉ እንዲገደል አዘዘ፤ ቍጥሩም ከ15 ሚሊዮን በላይ ነበር። ጤነኛውንም ጨምሮ ለመግደል የሚያስችል ሕግ በጊዜው እንዳልነበረ በኋላ ስለ ታወቀ፣ የምግብና የእርሻ ሚኒስትሩ ሥራቸውን ለቀቁ። ሬሳው የተቀበረበት ጕድጓድም ጥልቅ ስላልነበረ በአንዳንድ ስፍራ እየነፋ ወደ ላይ ወጣ። ይህ የሆነው የእንስሳት ሐኪምና መዝገብ ባልጐደለበት አገር መሆኑን የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ ልብ ሊለው ይገባል።

ሚንክ በአፍሪካ ባይኖርም ወገኖቹ ግን አሉ። ወደ ኢምባካሲ ለሚመጣ ገበሬም ሆነ ነዋሪ ከሚንኩ ይልቅ እነዚህን ማወቅ ይጠቅመዋል። በ1946 የተከለለው የናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ ለኢምባካሲ ጎረቤት ስለ ሆነ፣ ቤትና ፋብሪካ ሜዳውን ቢያጣብበውም የሌሊት እንስሳት ከዳር እስከ ዳር አልጠፉም።

ከእነርሱ በመጠን ለሚንክ የሚቀርበው በስዋሂሊ ኪቼቼ የሚባለው ነው። ጥቁር ሆኖ ከራሱ እስከ ጅራቱ ሥር አራት ነጭ መስመሮች ይወርዱበታል፤ ጅራቱ ጐፈሬና ነጭ የበዛበት፣ ክብደቱም አንድ ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ቀን በጕድጓድ ወይም በድንጋይ ክምር ውስጥ ተኝቶ ይውላል፤ ሌሊት በአፍንጫው እያሸተተ አፈር ይቈፍራል። የሚበላው አይጥ፣ ጥንዚዛና እጩ፣ አንበጣ፣ አንዳንድ ጊዜም እባብ ነው። ውሻ ሲያስጨንቀው ጀርባውን አዙሮ ጅራቱን ያነሣና ከዕጢው የሚከረፋ ፈሳሽ ይረጫል፤ የነካው ልብስ ታጥቦም ሽታው ቶሎ አይለቀውም። ይህም ካልረዳው የሞተ መስሎ ይጋደማል። መረሬ በሆነው በኢምባካሲ አፈር ላይ በቆሎና ባቄላ የሚዘራ ሰው፣ ሌሊት በማሳው ትንንሽ ጕድጓዶች ተቈፍረው ቢያገኝ እጭ ለቃሚው መጥቶ ሊሆን እንደሚችል ያስብ።

ሁለተኛው ዘመድ ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ኒየገሬ የሚሉት ቀፎ ሰባሪ ነው። ጀርባው ነጣ ያለ ግራጫ፣ ሆዱና እግሮቹ ጥቁር፣ ቆዳው ወፍራምና ልል ስለ ሆነ ያንገቱን ቆዳ ጨምድዶ የያዘውን ውሻ ዞሮ ይነክሰዋል። ማሩን ብቻ ሳይሆን የንቡን እጭ ፈልጎ ቀፎ ይሰብራል፤ እባብና አይጥም ያድናል። ከኢምባካሲ በስተ ምሥራቅ በማቻኮስ ያሉት የካምባ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ግንድ እየፈለፈሉ ቀፎ በዛፍ ላይ የሚሰቅሉ ንብ አርቢዎች ስለ ሆኑ፣ የዚህን እንስሳ ጠባይ ከማንም ይልቅ ያውቁታል።

ሦስተኛው አቆስጣ ነው። የአማርኛ አንባቢ ስሙን የሚያውቀው በኦሪት ዘጸአት፣ ስለ ድንኳኑ መሸፈኛ ቁርበት በተነገረበት ስፍራ ነው። በኢትዮጵያ ወንዞችና ሐይቆች ዳር ይኖራል፤ በኬንያም በአቲ ወንዝና በገባሮቹ ይገኛል። ስዋሂሊዎቹ ፊሲ ማጂ፣ ማለት የውሃ ጅብ ይሉታል፤ ስሙ ቢያስፈራም ዋና ምግቡ ሸርጣንና እንቍራሪት ነው። የፊት እግሩ ጣቶች ጥፍር የላቸውም፤ በጭቃ ውስጥ እንደ ሰው እጅ እየዳሰሰ ሸርጣን ያወጣል። የኢምባካሲን ሰፈሮች አቋርጦ የሚያልፈው የንጎንግ ወንዝ የፋብሪካና የቤት እድፍ እየተቀበለ ስለ ሆነ፣ ሸርጣን ከሌለበት ውሃ አቆስጣም አይገኝም። የወንዝን ንጽሕና በመሣሪያ ከመመርመር በፊት በዳሩ የአቆስጣ ዱካ መኖሩን መጠየቅ መልካም ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነገር መግለጽ ያስፈልጋል። ጥርኝና ሸለምጥማጥ አጫጭር እግርና ረጅም ጅራት ስላላቸው ከሚንክ ወገን ይመስላሉ፤ ነገር ግን ወገናቸው ሌላ ነው። ይሁን እንጂ የጥርኝ ታሪክ ከሚንክ ታሪክ ጋር የሚነጻጸርበት አንድ ነገር አለ። በከፋ፣ በጅማና በኢሉባቦር ገበሬዎች ከጥንት ጀምሮ ወንዱን ጥርኝ በጠባብ ጐጆ አስቀምጠው፣ በየዘጠኝና በየዐሥር ቀኑ ገደማ ዝባዱን እየፋቁ በቀንድ ያጠራቅማሉ፤ ዝባዱም ለሽቱ ሠሪዎች ወደ ውጭ አገር ሲሸጥ ኖሯል። ሚንክ ከ1860ዎቹ ጀምሮ በአሜሪካ በሽቦ ቤት እየተዋለደ ቈይቷል፤ ጥርኝ ግን በገበሬው ጐጆ አይዋለድም። ስለዚህ በጐጆ የሚሞተው ጥርኝ ሁሉ የሚተካው ከጫካ በወጥመድ በተያዘ ሌላ ጥርኝ ነው። የሚንክ አርቢ ከብት እንደሚያረባ ሰው ሲሆን፣ ጥርኝ ያዡ ግን በእውነቱ አዳኝ ነው። ጫካው በተመናመነ መጠን የዝባዱም ምንጭ የሚደርቀው ስለዚህ ነው። እንስሳው በጠባብ ጐጆ የሚደርስበት ሥቃይም በውጭ አገር ገዢዎች ዘንድ ጥያቄ አስነሥቶ ንግዱን ጐድቶታል።

በኢምባካሲ ዶሮ የሚያረቡ ሰዎች ጫጩት በጠፋባቸው ቍጥር የመጀመሪያው ፍርዳቸው በሥጋ ውስጥ መርዝ ቀብሮ መጣል ነው። ይህ ክፉ ልማድ ነው። መርዙ ጥፋተኛውን ከሌላው አይለይም፤ የጎረቤትን ውሻ፣ ጥንብ አንሣውንና ልጅንም ይገድላል። የአይጥ መርዝም ቢሆን በተበላው አይጥ በኩል ወደ ኪቼቼውና ወደ ጕጕቱ ሆድ ይገባል። እነዚህ ሲጠፉ የሚቀሩት አይጦች የዶሮውን መኖ ይወርሱታል፤ መርዝ የገዛው ሰው እንደ ገና መርዝ ይገዛል። ከሕግም በኩል ቢሆን በኬንያ የዱር እንስሳ ማደን በ1977 ተከልክሏል፤ በ2013 የወጣው ሕግም ቅጣቱን አክብዶታል። ቅሬታ ያለው ሰው ለኬንያ የዱር እንስሳት ጥበቃ መሥሪያ ቤት ማመልከት ይችላል።

የሚያዋጣው የዶሮውን ቤት ማጥበቅ ነው። ቀዳዳው ከሁለት ሴንቲ ሜትር ያልሰፋ የብረት ወንፊት ሽቦ በመስኮቱና በግድግዳው ዙሪያ ይመታ። ራሱ የገባበት ቀዳዳ ቀሪውን ሰውነት ስለሚያሳልፍ፣ «ጠባብ ነው» ተብሎ የሚተው ሽንቍር አይኑር። ሽቦው ከመሬት በታች 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ጠልቆ ወደ ውጭ ይታጠፍ፤ እየቈፈረ የሚመጣው እንስሳ ከግድግዳው ሥር ጀምሮ ሲቈፍር ከታጠፈው ሽቦ ጋር ይጋጠማልና። መረሬ አፈር በደረቅ ወራት ስለሚሰነጠቅ በየበጋው ስንጥቁን መመርመርና መድፈን ያስፈልጋል። መኖው በክዳን በርሜል ይቀመጥ፤ አይጥ ባልተሳበበት ቤት የአይጥ አዳኝ አይመላለስም። በቀን ብርሃን ሰው ሳይፈራ የሚንገዳገድ ኪቼቼ ወይም ሌላ የዱር እንስሳ የታየ እንደ ሆነ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ይዞት ሊሆን ስለሚችል ማንም በእጁ አይንካው። የተነከሰ ሰው ቍስሉን ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውሃ አጥቦ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይሂድ።

ንብ አርቢውም ቀፎውን ከመሬት ላይ አያስቀምጥ። በኢትዮጵያ የሽግግር ቀፎ የሚባለው፣ በኬንያ ስም የሚታወቀው ባለ ርብራብ ቀፎ በሁለት ምሰሶ መካከል በሽቦ ሲንጠለጠል ኒየገሬ የሚረግጥበት አያገኝም፤ ቀፎው ሲነካ ስለሚወዛወዝም ለመክፈት ያስቸግረዋል። በዛፍ ላይ የሚሰቀለውን ቀፎ በተመለከተ ደግሞ የዛፉን ግንድ ከሰው ቁመት ከፍ ባለ ቦታ ለስላሳ ቆርቆሮ መጠቅለል በቂ ነው፤ ነገር ግን ከጎረቤት ዛፍ የተሻገረ ቅርንጫፍ ካለ አስቀድሞ መቈረጥ አለበት።